ከአሌክሳንድርያ ዳላስ በተሳቢ፦ ሕጉ ምን ይላል፣ ሚዛኑስ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ ነው። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ወንድሜ ወዳለበት ወደ ዳላስ እንዛወራለን። ቶዮታ ሃይላንደር አለኝ፤ የመመሪያ መጽሐፉ 5,000 ፓውንድ ይጎትታል ይላል። የመኪና መጫኛ ተሳቢ ተከራይቼ የባለቤቴን ኮሮላ ልጭንበት፣ ኮሮላዋንም በልብስና በመጻሕፍት ልሞላት አስቤያለሁ። አገር ቤት ከነተሳቢው ጅቡቲ መስመር ላይ ሰባት ዓመት ስለሠራሁ መንዳቱ አያሳስበኝም። የከነከነኝ ሕጉ ነው። አንዱ ከ3,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ሕግ አይመለከትህም ይለኛል። ሌላው የቨርጂኒያ ታርጋ እስካለህ የቨርጂኒያን ሕግ ካሟላህ ይበቃል ይላል። ሰንሰለቱስ የግድ ነው? የእህቴ ልጅ ኮሮላዋ ውስጥ ተቀምጦ ጭነቱን እየተከታተለ ቢሄድስ? ዳላስ ከደረስኩ በኋላም ተሳቢ ገዝቼ ከጨረታ መኪና ለሚገዙ ሰዎች እያመላለስኩ መሥራት እፈልጋለሁ።»

ባሰቡት አኳኋን አይሂዱ። ይህን የምለው በሕጉ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ስለማይወጣ ነው። አራት ስቴት አቋርጠው አንድም ፖሊስ ሳያስቆምዎት ዳላስ ሊገቡ ይችላሉ፤ መኪናዎ ግን መንገዱን ሙሉ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከሕጉ በፊት ከሚዛኑ እጀምራለሁ።

5,000 ፓውንድ 23 ኩንታል ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የጭነቱ ብቻ ሳይሆን ተሳቢው ራሱ ተደምሮ ነው። የሚከራየው የመኪና መጫኛ ባዶውን 2,200 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናል። ኮሮላ እንደ ዓመተ ምሕረቱ ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢልም 2,950 ብለን እንያዘው። ሁለቱ ሲደመሩ 5,150 ሆነ፤ ገና አንድ መጽሐፍ ሳይጫን አልፏል። 300 ፓውንድ ልብስና መጽሐፍ ሲጨመርበት 5,450 ነው። በዚያ ላይ ሃይላንደርዎ ሃይብሪድ ከሆነ ጣሪያው 5,000 ሳይሆን 3,500 ነውና መጽሐፉን ሲያነቡ የሞተሩን ዓይነት አይተው ያንብቡ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የመኪና አምራቾች የመጎተት አቅምን የሚለኩበት የጋራ መመሪያ መኪናው ውስጥ ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ ብቻ አሉ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ያውም እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ ተብለው። እርስዎ አምስት ሆናችሁ፣ ሻንጣ ከኋላ ደርድራችሁ ስትሄዱ 5,000 የሚለው ቁጥር የእናንተ ቁጥር አይደለም።

የእናንተ ቁጥር ያለው በሹፌሩ በር በኩል ነው። በሩን ይክፈቱና ከመቀመጫው ጎን ባለው ብረት ላይ የተለጠፈውን ስለ ጎማ ንፋስ የሚናገር ስቲከር ይፈልጉ። «የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት በአንድ ላይ ከዚህ መብለጥ የለበትም» የሚል መስመር አለበት። የእያንዳንዱ መኪና ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል የእርስዎ 1,350 ፓውንድ ይላል እንበል። እርስዎና ባለቤትዎ 330፣ ሦስቱ ልጆች 250፣ ሻንጣና ምግቡ 200፤ እስካሁን 780። ቀሪው 570 ነው። ተሳቢው በአፍንጫው (ከመኪናው ጋር በሚገጠመው ጫፉ) መኪናዎ ጭራ ላይ የሚጭነው ክብደትም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። የ5,450 ፓውንድ ተሳቢ አፍንጫ 12 በመቶውን ቢያሳርፍ 654 ፓውንድ ነው። አለፈ። የሂቹ (ተሳቢው የሚያያዝበት፣ መኪናው ጭራ ላይ የሚገጠም ብረት) የራሱ ክብደት ገና አልተቆጠረም፤ ሂቹና መኪናው በአፍንጫ በኩል የሚችሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ዓይነት መኪና ከ500 አይበልጥም።

የጅቡቲ መስመር ልምድዎ ላይ ቆም ልበል። ሰባት ዓመት 400 ኩንታል ይዞ ከአፋር ሙቀት ወደ ደጋ የወጣ ሰው መንዳት አይማርም፤ ይህን አከብራለሁ። ችግሩ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ሌላ መሆኑ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማ አለው። የፊተኛው አክሰል ከመሳቢያው ዘንግ ጋር እየዞረ ጭነቱን ራሱ ይሸከማል፤ በጎታቹ ላይ የሚያርፍ ክብደት የለም ማለት ይቻላል። በአየር ፍሬን ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ጎታቹም ከባድ ነው። እዚህ የሚከራዩት ትንሽ ተሳቢ ግን ጎማው ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ ተጠግቶ ነው የተሠራው፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው አፍንጫውን እርስዎ መኪና ላይ አስደግፎ ነው።

ስለዚህ አገር ቤት ጭነቱ ስፖንዳውን እስካላለፈና ወደ ጎን እስካላዘነበለ ድረስ ፊትና ኋላው ብዙም ላያስጨንቅዎ ይችል ነበር፤ እዚህ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው አፍንጫው ላይ ማረፍ አለበት። ለዚህ ነው ከጭነቱ 60 በመቶው ከተሳቢው ግማሽ ወደ ፊት ይሁን የሚባለው። አፍንጫው ሲከብድ የመኪናዎ ጭራ ይወርዳል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀልላሉ፣ መሪውና ፍሬኑ ይደክማሉ። አፍንጫው ሲቀል ደግሞ የባሰው ይመጣል፦ በ60 ማይል ላይ ትልቅ መኪና አልፎዎት ሲሄድ ነፋሱ ተሳቢውን ነካ ያደርገዋል፤ እሱ ወደ ግራ ሲወናጨፍ የመኪናዎን ጭራ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ እየባሰ ይሄዳል። ኮሮላዋን ከኋላ በመጻሕፍት መሙላት ያሰቡት ደግሞ ክብደቱን በትክክል ወደማይፈለግበት ቦታ ነው የሚወስደው። አከራዮችም በተሳቢ ላይ የሚጫን መኪና ባዶ እንዲሆንና ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ እንዲወጣ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሞተሩ ከፊት ነዋ።

መወናጨፍ ከጀመረ ደመ ነፍስ የሚያዘው ፍሬን መርገጥ ነው። አይርገጡ። እግርዎን ከነዳጅ ላይ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ በመሪ ለማስተካከል አይታገሉ፤ ፍጥነቱ ራሱ ሲወርድ ይረጋጋል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነና መቆጣጠሪያው ዳሽቦርድዎ ላይ ካለ፣ በእጅ የሚገፋውን ማንሻ ቀስ አድርገው በመግፋት የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ያስይዙ፤ ከኋላ ይጎትትና ያቃናዋል። ከዚያ ዳር ይዘው ይቁሙና ጭነቱን ወደ ፊት ያሽጋሽጉ። አንዴ የተወናጨፈ ተሳቢ ጭነቱ ካልተስተካከለ እንደገና ይወናጨፋል።

አሁን ወደ ሕጉ። መንጃ ፈቃድዎንና ታርጋዎን ሁሉም ስቴት ይቀበላል፤ የቨርጂኒያ ሕግ ይበቃል ያለዎት ሰው ትክክል የሆነው እዚህ ድረስ ነው። ፍሬን፣ መብራት፣ ሰንሰለት፣ ፍጥነት፣ የሚነዱበት መስመር ግን የሚመለከተው ጎማዎ ያለበትን ስቴት ነው። ቴነሲ ገብተው «እኔ የቨርጂኒያ ነኝ» የሚል መልስ የለም።

«ከ3,000 በታች ሕግ የለም» የሚለው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ተሳቢ ከነጭነቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲመዝን የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ ስለ ፍሬን ብቻ ነው። የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ፣ ታርጋና የታርጋ መብራት፣ ሰንሰለት፣ ጭነትን ማሰር ወይም መሸፈን፣ ይህ ሁሉ 800 ፓውንድ ለሚመዝን ትንሽ ተሳቢም ይሠራል። የጎን መስታወትዎም ወደ ኋላ 200 ጫማ ማሳየት አለበት፤ ተሳቢው ከመኪናው ሰፍቶ ከከለለዎት ተጨማሪ መስታወት ይገጠማል።

ፍሬን ግዴታ የሚሆንበት ክብደት ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቴክሳስ ከ4,500 ፓውንድ በላይ ሲሆን ነው የሚያስገድደው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለካምፕ ተሳቢዎች ከ1,500 ጀምሮ ይጠይቃል። የፍጥነቱም እንዲሁ ነው፤ ካሊፎርኒያ ማንኛውንም የሚጎትት መኪና በ55 ማይል ወስኖ ወደ ቀኝ መስመር ይገፋዋል፣ የዋሽንግተን ስቴት ጣሪያ 60 ነው፤ ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን ይህን ልብ ይበሉ። የእያንዳንዱን ስቴት ሠንጠረዥ በቃል ለመያዝ አይድከሙ። ፍሬን ያለው ተሳቢ ይያዙ፣ ከ55 እስከ 60 ባለው ፍጥነት ቀኙን ይዘው ይንዱ፤ በዚህ መንገድዎ ላይ ካሉት ስቴቶች አንዱም አይጠይቅዎትም። የመኪናዎ መጽሐፍም ከስቴቱ ሕግ ይበልጥ ጥብቅ ሊሆን ይችላል፦ ብዙዎቹ መኪኖች ሕጉ ከሚያስገድደው በጣም ባነሰ ክብደት ላይ የተሳቢ ፍሬን ይኑር ይላሉ። መጽሐፉን ያልጠበቀ ሰው አደጋ ሲደርስበት ከኢንሹራንሱ ጋር የሚያደርገው ክርክር ከባድ ነው።

ቨርጂኒያን ሳይለቁ አንድ ማስጠንቀቂያ። በዚህ ስቴት ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል አልፎ መንዳት፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን ከ85 በላይ መንዳት፣ የትራፊክ ቲኬት ብቻ ተደርጎ አይታይም፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ የሚያስከትል የወንጀል ክስ ነው። ዜግነት ገና ያልወሰደ ሰው በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ማየት ያሳዝነኛል። ኢንተርስቴት 81 ከሸናንዶዋ ሸለቆ ጀምሮ በከባድ መኪና የተጨናነቀ፣ ወጣ ገባ የበዛበት መንገድ ነው፤ ቁልቁለቱ ራሱ ፍጥነት ይሰጥዎታል። ቴነሲ ውስጥም በኢንተርስቴት 40 ከሞንተሬይ ወደ ኩክቪል ሲወረድ ረጅም ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሱ፤ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የማያውቁት የሃይላንደሩ አውቶማቲክ ካምቢዮ ራሱ ማርሽ እንደሚጨምር ነው፤ በእጅ ወደሚቀየርበት ቦታ አድርገው ያግዱት።

በዚህ አጋጣሚ ወደ ሰሜን ለሚሄዱ አንባቢዎችም ልንገር፤ የስልክ ካርታ ተሳቢ መያዝዎን አያውቅም። የኒውዮርክ ፓርክዌዮችና የኮነቲከቱ ሜሪት ፓርክዌይ ተሳቢ አያስገቡም፤ ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። በባልቲሞር ሁለት ዋሻዎች ደግሞ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደር ይዞ ማለፍ ክልክል ነው፤ ለበዓል ድግስ ሲሊንደር ጭነው የሚሄዱ ብዙ ናቸውና ይህን ይያዙ። ቀድሞ በምሥራቅ በኩል መዞሪያ የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በማርች 26 ቀን 2024 ስለፈረሰ፣ ዋሻውን የሚሸሽ ሰው በኢንተርስቴት 695 ምዕራባዊ ክፍል ነው የሚዞረው።

የእህትዎ ልጅ ኮሮላዋ ውስጥ አይቀመጥም። አገር ቤት ረዳት ጭነት ላይ ወጥቶ ሲሄድ ኖሯል፤ ብዙ ወጣትም በዚያው ቀርቷል። እዚህ ጭነት ላይ ያለ መኪና ተሳፋሪ መያዣ አይደለም፤ ሰው መኖሪያ በሆነ ተሳቢ ውስጥ እንኳ መጓዝ በአብዛኛው ስቴት የተከለከለ ነው። ተሳቢው ቢለቅ ያ ልጅ መሪም ፍሬንም የለውም።

ሰንሰለቱ የግድ ነው። ሁለት ነው፣ ከአፍንጫው ሥር ተሻግሮ በኤክስ ቅርጽ ይታሰራል፦ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። የሚሻገርበት ምክንያት አፍንጫው ከቦሉ (ሂቹ ላይ ካለው የብረት ድቡልቡል) ላይ ቢወርድ አስፋልት ላይ ሳይተከል እንደ አንቀልባ ይዞት እንዲቆይ ነው። ሲታጠፉ እንዳይወጠር ላላ ይበል፣ አስፋልት ግን አይንካ፤ የሚጎተት ሰንሰለት የሚረጨው ብልጭታ በደረቅ ወቅት የመንገድ ዳር ሣር ያቃጥላል። ፍሬን ያለው ተሳቢ አንድ ቀጭን ገመድም አለው፤ ተሳቢው ሲለቅ ተስቦ ፍሬኑን የሚያስይዝ ነው። ይህን ገመድ ሰንሰለቱ ላይ ወይም ቦሉን በያዘው ተነቃይ ብረት ላይ የሚያስሩ አሉ፤ ስህተት ነው። ያ ብረት ተመዝዞ ቢወጣ ገመዱም አብሮት ይሄድና ፍሬኑ ሳይዝ ይቀራል። ቦታው መኪናው ላይ በቋሚነት የተገጠመው የሂቹ ብረት ነው።

ሰንሰለት ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ያየሁትን ልናገር። ሥራዬ ሂች መግጠምና ተሳቢ መጠገን ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ግቢያችን ቀስ እያለ ገባ። የተሳቢው አፍንጫ ከሥሩ እንደ ተሞረደ ቢላዋ ያበራ ነበር፤ ግማሽ ማይል ያህል አስፋልት የላጠው ነው። የአንዱ ሰንሰለት ቀለበት ተስቦ እንቁላል መስሏል። ምክንያቱ ትንሽ ነበር። የተሳቢው አፍ ለ2 ኢንች ቦል የተሠራ ነው፤ መኪናው ላይ የተገጠመው ቦል 1 ከ7/8 ኢንች ነው። ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ሲጫን ቁጭ ይላል፣ ማንሻው ይዘጋል፣ ፒኑም ይገባል፤ ሁሉ ነገር የያዘ ይመስላል። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል። ሰንሰለቱ በመሃል ባይኖር ያ ተሳቢ በተቃራኒ መስመር የሚመጣ ሰው ላይ ነበር የሚሄደው። አባትየው መሬት ላይ ተቀምጦ ቦሉን በእጁ እያገላበጠ ቁጥሩን ደጋግሞ ሲያነብ ነበር። ቁጥሩ አናቱ ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ ይህን ያድርጉ። በቦሉ ላይ ያለውን ቁጥርና በተሳቢው አፍ ላይ የታተመውን ያመሳክሩ። አፉ ከተዘጋና ፒኑ ከገባ በኋላ በተሳቢው ክሪክ አፍንጫውን መልሰው ወደ ላይ ያንሱ። በትክክል ከያዘ የመኪናዎ ጭራ አብሮ ይነሳል። አፉ ብቻውን ከቦሉ ላይ ከተነሳ አልያዘም ማለት ነው። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አከራዩ ጋ የሚሠራው ልጅ «ገጥሜልሃለሁ» ቢልዎም ራሱ ፊትዎ እንዲያነሳው ይጠይቁት።

ስለ ንግዱ ሥራ። ይህ ሌላ ዓለም ስለሆነ ከቤት ማዛወሩ ጋር አያደባልቁት። ለራስ ዕቃ መጎተትና በክፍያ የሰው መኪና ማመላለስ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ቁልፉ ቁጥር 10,001 ፓውንድ ነው፤ የሚቆጠረውም ዛሬ የጫኑት ብቻ ሳይሆን አምራቹ በመኪናውና በተሳቢው ላይ የጻፈው ከፍተኛ ክብደት ድምር ነው። 7,000 የተጻፈበት ፒክአፕና 7,000 የተጻፈበት ተሳቢ ባዶአቸውንም ቢሄዱ 14,000 ናቸው። ከስቴት ስቴት ለንግድ ሲሠሩ ያኔ የዩኤስ ዶት ቁጥር (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው መለያ)፣ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ የሰዓት መዝገብ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የጭነት ማሰሪያ ደንብ ይከተላሉ። የሰው ንብረት በክፍያ ከስቴት ስቴት ለመጫን የአጓጓዥነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በዚህ የክብደት መጠን የሚጠየቀው ዝቅተኛ የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ደግሞ 750,000 ዶላር ነው። ብዙ ሰው በሲዲኤል (በንግድ መንጃ ፈቃድ) ብቻ ነው የሚጨነቀው፤ ሲዲኤል የሚመጣው ድምሩ 26,001 ሲደርስና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ሲያልፍ ነው። ሲዲኤል አያስፈልግም ማለት ግን ነፃ ነህ ማለት አይደለም። የግል የመኪና ኢንሹራንስ በክፍያ ለሚጫን ጭነት እንደማይከፍል ቀድመው ይወቁት፤ አንድ አደጋ ቤት ያሸጣል።

ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለንግድ ላልሆኑ መኪኖች ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራን አስቀርታለች። ይህ ፍሬኑንና መብራቱን ማሟላትን አላስቀረም፤ የሚያየው መርማሪ ስለሌለ ማየት ያለበት ባለቤቱ ሆኗል። ያገለገለ ተሳቢ ሲገዙ ጎማው ወፍራም መስሎ ስለታየ አይዘናጉ። ተሳቢ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚኖር ጎማው ከማለቁ በፊት ያረጃል። በጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ዕድሜው ናቸው፤ 2316 ማለት በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን አይንዱበት። በጎኑ ላይ ሌላ የፍጥነት ምልክት ከሌለው የተሳቢ ጎማ ጣሪያው 65 ማይል ነው። ኩሽኔታው መቼ ታጥቦ በግራሶ እንደተሞላ ይጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ አልታጠበም ብለው ይያዙት።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ኮሮላዋን አይጎትቱ። ወንድምዎ ከዳላስ በአውሮፕላን መጥቶ ይንዳት፤ ወይም በመኪና አጓጓዥ ድርጅት ትላክ። ሃይላንደሩ ከነቤተሰቡ የሚችለው የተዘጋ 6 በ12 ጫማ የሆነ፣ የራሱ ፍሬን ያለው የኪራይ ተሳቢ ነው። ባዶው 1,900 ፓውንድ ገደማ ነው። የእነዚህ ኪራዮች ፍሬን ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ስለሆነ ዳሽቦርድ ላይ መቆጣጠሪያ አይፈልግም፤ የመብራቱ ባለ 4 ፒን ሶኬት ይበቃል። ጭነቱን ከ1,500 አያሳልፉ። በጠቅላላው 3,400 ይሆናል፣ አፍንጫው ላይ የሚያርፈው 410 ገደማ። ሻንጣዎቹም ወደ ተሳቢው ይግቡ፤ ያኔ መኪናው ላይ ያለው የእናንተ 580፣ የአፍንጫው 410፣ የሂቹ 50፣ በድምሩ 1,040 ነው። በምሳሌዬ ስቲከር ላይ ከ300 በላይ ይተርፋል። ሃይብሪድ ከሆነ ግን ይህም ጣሪያው ጋ ስለሚደርስ አነስ ያለውን ይውሰዱ። ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያና ሌላ ከባድ ዕቃ ከፊት፣ ፍራሽና ትራስ ከኋላ ይሁን፤ ግራና ቀኙም ይመጣጠን።

ኢንሹራንስዎ ጋ ደውለው ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ሽፋን አለኝ ወይ፤ በተሳቢው በራሱና በውስጡ ባለው ዕቃ ላይ ለሚደርሰውስ። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ከአከራዩ ለብቻው ይገዛል።

ጭነው ሲጨርሱ ወደ ሀይዌዩ ከመግባትዎ በፊት ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት ማደያ ያለ ሚዛን ላይ ይውጡ፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። ሚዛኑ የፊት ጎማ፣ የኋላ ጎማና የተሳቢ ጎማ ክብደት ለየብቻ ጽፎ ይሰጥዎታል። የፊትና የኋላው ድምር በር ላይ ባለው ሌላ ስቲከር ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የመኪና ክብደት መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከ25 ማይል በኋላ ይቁሙና ሰንሰለቱን፣ ፒኑን፣ የጎማውን ዳዶ ይፈትሹ፤ መዳፍዎን ወደ ቸርኬው መሃል ያስጠጉ። አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ ኩሽኔታ ወይም ፍሬን ይዞታልና አይቀጥሉ፣ ለአከራዩ ይደውሉ። ሚዛኑ ላይ ክብደቱ አልፎ ካገኙት መጀመሪያ የሚወርዱት መጻሕፍቱ ይሁኑ፤ ፖስታ ቤት «ሚዲያ ሜይል» በሚለው ርካሽ አገልግሎቱ ካርቶኑ ከ70 ፓውንድ እስካልበለጠ ድረስ ዳላስ ያደርስልዎታል።